የሽያጭ ወረቀት የሚሸጠው ድረ ገጽ፦ ለመኪና ይቅርባችሁ፣ ለጀልባ እሺ፣ ለጦር መሳሪያ በጭራሽ

እዚህ አሜሪካ መኪና ከሰው ለሰው ሲሸጥ፣ መሀል ላይ ዲለር (ፈቃድ ያለው ነጋዴ) ሳይገባ፣ «ቢል ኦፍ ሴል ያስፈልጋል» ሲባል ሰምታችኋል። ይህን የሽያጭ ወረቀት በኦንላይን እያዘጋጁ የሚሸጡ ድረ ገጾች ሞልተዋል። የተጠቀምኩበትን ስሙን አልጠራም፤ አብዛኞቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ አንዱን ካያችሁ ሌላውን አያችሁ። መኪናዬን ስሸጥ ነው የገባሁበት። ከዚያ ጎረቤታችን ጋሼ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባቸውን ሲሸጡ አብረን ሞላነው። የመሳሪያውን ክፍል ግን ምንም የምሸጠው ኖሮኝ ሳይሆን ምን እንደሚል ለማየት ብቻ ነካካሁት። የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ ብዙው ምሳሌ ከዚሁ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለመኪና ገንዘብ አታውጡበት። ለጀልባ መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም ጠቅሞናል። ለመሳሪያ ግን አደገኛ ነው።

መግቢያው ላይ «ነጻ» ይላል። ስም፣ አድራሻ፣ ዋጋ፣ ቀን እያለ አንድ በአንድ ያስሞላችኋል። ጨርሳችሁ ወረቀቱን አደብዝዞ ያሳያችኋል፤ አውርድ ስትሉት ካርድ ይጠይቃል። ለሙከራ የሚቆርጠው ትንሽ ነው። ጉዱ ያለው ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ላይ ነው፦ ሙከራው ሲያልቅ ራሱን ያድስና በየወሩ ይቆርጣል። ሰው በዕድሜው ስንት መኪና ይሸጣል ብለው ነው? በየወሩ የሽያጭ ወረቀት የሚያስፈልገው ዲለር ነው፣ ዲለር ደግሞ የራሱ ቅጽ አለው። እኔ ወረቀቱን ካወረድኩ በኋላ ወዲያው ሰረዝኩት፤ ግን መሰረዣውን ለማግኘት አካውንት፣ ከዚያ ፕላን፣ ከዚያ «እውነት ጥለውን ሊሄዱ ነው?» የሚል ገጽ፣ ከዚያ ቅናሽ የሚያቀርብ ሌላ ገጽ እያለ አንከራተተኝ።

የሚያበሽቀው ያው ወረቀት በነጻ መኖሩ ነው። የሜሪላንዱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤምቪኤ የሚሉት፣ ቪአር-181 የሚባል የራሱ የሽያጭ ቅጽ አለው፤ አትማችሁ ትሞሉታላችሁ፣ አለቀ። ካሊፎርኒያ ሬግ 135 አለው። በቴክሳስ ደግሞ 130-ዩ የሚባለው የታይትል (የባለቤትነት ደብተር) ማመልከቻ ራሱ የሻጭንም የገዢንም ፊርማ ይይዛል። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ በየቀኑ የምታየው የመሥሪያ ቤቷን ቅጽ ነው። የማታውቀውን ስትሰጧት ትመልሳችኋለች ማለቴ አይደለም፤ ግን ማገላበጧ፣ ወደ ኋላ ሄዳ መጠየቋ አይቀርም።

ማማሩስ ያምራል። ዙሪያውን ወርቃማ ሐረግ አለው፣ አናቱ ላይ ንስር አለ፣ የምርቃት ሰርተፍኬት ይመስላል። እኔ ግን ይዘቱን መፈተን ፈለግኩ። የመኪና ቪን፣ ማለትም መለያ ቁጥሩ፣ ከ1981 ሞዴል ጀምሮ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ጭራሽ አይገቡበትም። ዘጠነኛው ቦታ ላይ ያለው ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚመጣ ማረጋገጫ ነው፤ አንዱን አበላሽታችሁ ብትጽፉ ኮምፒውተር ሊነቃበት ይችላል። እና ሆን ብዬ አንዱን አጉድዬ አስገባሁ። ዝም። ዜሮው ቦታ ላይ ኦ ጻፍኩ። አሁንም ዝም። አረንጓዴ ምልክት አድርጎልኝ ወደሚቀጥለው ገጽ አሻገረኝ። ወረቀት መሙላት ብቻ ሥራዬ ነው የሚል ድረ ገጽ 17 ድረስ መቁጠር ካቃተው ገንዘቡን የሚቀበለው ለምኑ ነው?

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቪን ታይትሉ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ከተለየ ገዢው ስም ሊያዛውር ሲሄድ መመለሱ ነው፤ እሱ ሲመለስ ደግሞ የሚደውለው ለእናንተ ነው። ስለዚህ ሦስት ቦታ አመሳክሩ፦ በሹፌሩ በኩል ከመስታወቱ ሥር ዳሽቦርዱ ላይ፣ የሹፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ስቲከር ላይ፣ ታይትሉ ላይ። ገዢ ከሆናችሁ ኤንአይሲቢ የሚባለው የኢንሹራንሶች ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ቪኑን በነጻ አስገብታችሁ መኪናው ተሰርቋል ወይም ሳልቬጅ (በከባድ ጉዳት የተጣለ) ተብሏል የሚል ሪፖርት ካለበት ማየት ትችላላችሁ። ይህን የሽያጭ ወረቀቱ ድረ ገጽ ከነአካቴው አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ የራሱን የሚከፈልበት ሪፖርት እንድትገዙ ነው።

ማይሉን ደግሞ «ከፈለጉ ይሙሉ» በሚል ትንሽ ሳጥን ውስጥ ወርውሮታል። ማይል እንደ ፍላጎት የሚሞላ ነገር አይደለም። ሻጭ የተነዳውን ማይል በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል፤ ለ2011 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ላሉ መኪኖች ግዴታው ለ20 ዓመት የሚቆይ ነው፣ 2010 እና ከዚያ በፊት ያሉት ነጻ ናቸው። የሚጻፈውም ታይትሉ ላይ ነው።

ትልቁ ነገርም እሱ ነው። ቢል ኦፍ ሴል ስም አያዛውርም። ስም የሚያዛውረው ታይትሉ ነው፤ ከጀርባው ፈርማችሁ፣ ማይሉን ጽፋችሁ፣ የገዢውን ስም ልክ መታወቂያው ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ስትሰጡት። ስህተት ከተጻፈበት በነጭ ቀለም አታጥፉ፣ ያንን ታይትል አይቀበሏችሁም። ባንክ ዕዳ ካለበት መጀመሪያ ሊኑ፣ ማለትም ባንኩ የያዘው እገዳ፣ ይነሳ። የሽያጭ ወረቀቱ ስንት ተከፈለ፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ ለሚለው ማስረጃ ነው። ወረቀቱ ራሱ ዋናውን ቦታ የሚይዝባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አሉ፤ ለምሳሌ ኒውዮርክ 1972 እና ከዚያ በፊት ላሉ መኪኖች ታይትል አይሰጥም፣ ስለዚህ እዚያ ሬጅስትሬሽኑና የሽያጭ ወረቀቱ ናቸው የሚታዩት። ድረ ገጹ ግን «የባለቤትነት ማዛወሪያ ሰነድዎ ዝግጁ ነው» ይላችኋል። ይህን አምኖ ታይትሉን ሳይቀበል ገንዘብ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ዋጋ ላይ ደግሞ የኛ ሰው አንድ አመል አለችው። «ታክሱ እንዳይበዛብኝ ዝቅ አድርገህ ጻፍልኝ።» ሜሪላንድ ታክሱ ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ 6.5 በመቶ ሆኗል፣ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን አይሠራም። መኪናው ከሰባት ዓመት በታች ሆኖ የተጻፈው ዋጋ የመኪና ገበያ ዋጋ ከሚያወጣው መጽሐፍ በ500 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ የሽያጭ ወረቀቱ በኖተሪ (ፊርማ በሚያረጋግጥ ሕጋዊ ሰው) መረጋገጥ አለበት፤ ካልሆነ ታክሱን በመጽሐፉ ዋጋ ያስቡታል። ቴክሳስ ደግሞ ከናካቴው አታስጨርስም፤ የከፈላችሁት ዋጋ መንግሥት ካወጣው ግምት 80 በመቶ በታች ከሆነ 6.25 በመቶው የሚሰላው በዚያ 80 በመቶ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ውሸት ነው፣ ኖተሪ ፊት ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ገዢም ቢሆን አይጠቀምም። 9,000 ከፍላችሁ 2,000 አስጽፋችሁ ነገ ታይትሉ ችግር ቢኖረው «ገንዘቤን መልስ» የምትሉት የትኛውን ነው?

ድረ ገጹ ስለዚህ የኖተሪ ጉዳይ ሜሪላንድ ብዬ መርጬም ምንም ትንፍሽ አላለም። የኖተሪ ገጽ የለውም እንዳልል አለው፣ ለብቻው ተጨማሪ ያስከፍልበታል።

ከዚያ ክፍያው አልቆ ስትወጡ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ወረቀት ይበተንና «እንኳን ደስ ያለዎት!» ይላል። ደስታው ገና ነው። ሜሪላንድ ታርጋው የሻጩ ነው፣ ነቅላችሁ ታስቀራላችሁ። ከዚያ ወይ ወደ ሌላ መኪናችሁ ታዛውሩታላችሁ ወይ ለኤምቪኤ ትመልሱታላችሁ፤ ኢንሹራንሱን የምታቋርጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ብታገላብጡት፣ መኪናው በእጃችሁ ባይኖርም፣ በስማችሁ ያለ ታርጋ ኢንሹራንስ የለውም ተብሎ ቅጣት ይቆጠርባችኋል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ሽያጩን በአምስት ቀን ውስጥ ለዲኤምቪ (ለስቴቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት) ማሳወቅ አለባችሁ፣ በሬግ 138 ወይም በኦንላይን፣ በነጻ ነው። ቴክሳስ ደግሞ 30 ቀን አላችሁ። ይህን ካላደረጋችሁ የቶሉም፣ የፓርኪንግ ቲኬቱም፣ ከዚያ የባሰውም ወደ ቀድሞው ባለቤት ይመጣል። «የአገር ልጅ ነው፣ ዛሬ ነገ ሳይል ያዛውረዋል» እያላችሁ በስማችሁ የሚነዳ መኪና አትልቀቁ። የአገር ልጅም ሥራ ይበዛበታል።

እስካሁን ስወቅስ ነው የቆየሁት፣ አሁን ወደ ጀልባው።

ጀልባ ሲሸጥ ሰው የሚረሳው ሦስት ነገር እየሸጠ መሆኑን ነው። ጀልባው ራሱ አለ፣ ከኋላው የሚንጠለጠለው ሞተር አለ፣ የሚጎተትበት ተሳቢ አለ። ሦስቱም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ይህ ድረ ገጽ ሦስቱንም ለየብቻ ጠየቀን፣ ምስጋና ይግባውና። ጋሼን «የሞተሩ ቁጥር የት ነው ያለው?» ስላቸው «እኔ ምን አውቄልህ፣ እኔ የማውቀው ዓሣውን ነው» አሉኝ። የጀልባውን ቁጥር ፍለጋ ግቢ ወጣን። ከ1972 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ጀልባ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው፣ ከኋላ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ፊታችሁን ወደ አፍንጫው ስታዞሩ በስተቀኝ፣ ከላይ ጠጋ ብሎ። የጋሼው በአልጌና በቆየ ቀለም ተሸፍኖ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ሲያሹት፣ እኔ በስልኬ መብራት ከጎን ሳበራበት፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች ብቅ አሉ፤ እነሱ የፋብሪካው ኮድ ናቸው። መጨረሻ ላይ 8 ይሁን 3 ያልለየነውን ከሬጅስትሬሽኑ ካርድ አመሳከርነው።

ተሳቢው የሚሄደው ወደ ኤምቪኤ ነው፣ ጀልባው ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ወደ ተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ፣ ዲኤንአር ወደሚሉት። የጀልባው ታክስም የተለየ ነው፣ 5 በመቶ። ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ ሦስቱን ቀላቅሎ አንድ ዋጋ መጻፍ ገዢውን ሁለት ቢሮ ያመላልሰዋል። ድረ ገጹ ዋጋውን ከፋፍለን እንድንጽፍ ቦታ ሰጠን፤ ይህንን ያሰበው ሰው ጀልባ ሸጦ ያውቃል ብዬ እጠረጥራለሁ። ካሊፎርኒያ ጀልባውም በዲኤምቪ ነው የሚመዘገበው። ቴክሳስ የዱር እንስሳትና ፓርኮች መሥሪያ ቤቱ ይዞታል፣ እዚያ ተንጠልጣይ ሞተሩም የራሱ ታይትል አለው። አፍንጫው ግራና ቀኝ ላይ የተለጠፈውን የምዝገባ ቁጥር እንደ መኪና ታርጋ ነቅላችሁ እንዳትወስዱ፤ ጀልባው እዚያው ስቴት እስካለ ድረስ አብሮት ይሄዳል።

አንድ ጎደሎ አለው። አምስት ኔት ቶንና (የውስጥ ስፋት መለኪያ እንጂ ክብደት አይደለም) ከዚያ በላይ የሆነ ጀልባ በስቴት ፈንታ በኮስት ጋርድ፣ በፌዴራሉ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ፣ ሊመዘገብ ይችላል። እንደዚያ የተመዘገበ ከሆነ የሽያጭ ሰነዱ የራሳቸው ሲጂ-1340 ነው፤ ፊርማው ኖተሪ ፊት ተረጋግጦ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ፎሊንግ ዋተርስ ወዳለው ማዕከላቸው ይላካል። ድረ ገጹ ጀልባው በኮስት ጋርድ የተመዘገበ ይሁን አይሁን አይጠይቅም። የጋሼ ጀልባ ትንሽ ስለሆነች አልነካንም፣ ትልቅ ያላችሁ ግን እዚህ ቅጽ ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

አሁን መሳሪያው።

ቅጹ የመሳሪያውን ዓይነት፣ ፋብሪካውን፣ ካሊበሩን፣ ሰሪያል ቁጥሩን ይጠይቃል። ከታች «ገዢው መሳሪያ እንዳይዝ በሕግ የተከለከለ አይደለም» የሚል አረፍተ ነገር አለ፣ ምልክት ታደርጉበታላችሁ፣ ያልፋል። በቃ። ሻጩን ሜሪላንድ፣ ገዢውን ፔንሲልቬንያ ብዬ ሞላሁት። ያንኑ ወርቃማ ሐረግ ያለውን ወረቀት አወጣልኝ! ከ1968 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ የመሳሪያ ንግድ ፈቃድ የሌለው ሰው ለሌላ ስቴት ነዋሪ መሳሪያ በቀጥታ መሸጥን ይከለክላል። ፈቃድ ባለው ዲለር በኩል መሄድ አለበት። ማለትም ይህ ድረ ገጽ ገንዘብ ተቀብሎ የወንጀል ማስረጃ በንስር አሸብርቆ ያትምላችኋል፣ ከነፊርማችሁ።

አንድ ስቴት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሲሆኑም ነገሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቴክሳስን በመሰሉ ስቴቶች ሁለት ነዋሪዎች ያለ ዲለር መሸጥ መለወጥ ይችላሉ። ካሊፎርኒያ ከ1991 ጀምሮ በዲለር በኩል ካልሆነ አይሆንም፣ የአሥር ቀን መጠበቂያም አለው። ኮሎራዶ በ2013፣ ዋሽንግተን ስቴት በ2014 በሕዝብ ድምፅ፣ የግል ሽያጭም ላይ የገዢው ታሪክ ምርመራ ይደረግ ብለዋል። ሜሪላንድ ሽጉጥ በዲለር ወይም በስቴት ፖሊስ በኩል ነው የሚተላለፈው፣ ገዢውም ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከ2021 ወዲህ ረጅሙም መሳሪያ ላይ ምርመራ መጥቷል። ድረ ገጹ ለሁሉም የሚሰጠው አንድ ቅጽ ነው፣ የሚቀየረው የስቴቱ ስም ብቻ።

ደግሞ ለኛ ሰው ይህን ሳልል አላልፍም። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ሌላ እገዳ ከሌለበት በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በጥቅሉ አይችልም፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩ በቀር። የሚሸጠውም ሰው፣ ገዢው የተከለከለ መሆኑን እያወቀ ወይም የሚያጠራጥር ነገር እያየ ከሸጠ፣ አብሮ ይጠየቃል። «ወንድሜ ነው፣ ተማሪ ነው፣ ለመተኮሻ ቦታ ብቻ ነው» አያወጣም።

«መሳሪያዎን በእኛ በኩል ያስመዝግቡ» የሚለው ማስታወቂያቸውስ? አሜሪካ ውስጥ የተራ መሳሪያ የፌዴራል መዝገብ የለም፣ እንዳይቋቋምም የ1986ቱ ሕግ ከልክሏል። በ1934 ሕግ የሚመዘገቡት መትረየስ፣ የድምፅ ማፈኛ፣ አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃ የመሳሰሉት ናቸው። ሃዋይና ዋሽንግተን ዲሲ የራሳቸው ምዝገባ አላቸው፣ ግን የምትሄዱት ወደ ፖሊስ ነው። እንዲህ ባለ የግል ድረ ገጽ የሚመዘገብ ነገር የለም።

የሽያጭ ወረቀት ለመሳሪያ አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም፣ እንዲያውም ከመኪናው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሕጉ ከተሟላ በኋላ። ወንጀል ላይ የተገኘ መሳሪያ ሲፈለግ ማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የኤቲኤፍ (መሳሪያ የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ማዕከል በሰሪያል ቁጥሩ ፋብሪካውን፣ ከዚያ ዲለሩን ይጠይቃል፤ ዲለሩ ሲሸጥ ገዢውን አስሞልቶ ያስቀመጠው ቅጽ 4473 ላይ የመጀመሪያው ገዢ ስም ይገኛል። (ይህ ማርቲንስበርግ ከጀልባው ፎሊንግ ዋተርስ ጋር ጎረቤት ነው፤ የአሜሪካ ወረቀት ሁሉ እዚያ አካባቢ ነው መሰለኝ የሚቀመጠው።) ክትትሉ እዚያ ያበቃል። ያ የመጀመሪያ ገዢ እናንተ ከሆናችሁ በራችሁ ይንኳኳል፣ ለማን መቼ እንደሸጣችሁ የሚያሳየው ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ነው። እኔ ብሆን ዲለር ዘንድ ሄጄ ምርመራውን አሠርቼ፣ የዲለሩን ደረሰኝ ይዤ፣ ቀኑን፣ ሰሪያሉን፣ የገዢውን ስምና ፊርማ ባልተሸለመ ተራ ወረቀት ላይ አስፍሬ አስቀምጥ ነበር።

ስለ ፔንሲልቬንያው ሙከራ ለድረ ገጹ ደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩላቸው። መልሱ በትህትና የተሞላ ነው፤ እኛ የሕግ ቢሮ አይደለንም፣ የአካባቢዎን ሕግ ማረጋገጥ የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው፣ ደግሞም ወርሃዊ ፕላንዎን መልሰው ቢያስጀምሩ የ30 በመቶ ቅናሽ እናደርግልዎታለን ይላል።